ግማሽ ድንጋይ ይዤ ከደጀን ኮልፌ

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ደጀን ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ናት» ብዬ አልፋለሁ። ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም። ያየሁት ኮልፌን ነው፣ እሱንም በሐምሌ ዝናብ። ጥያቄው ስላላቆመ አንዴ ጽፌው ልገላገል። አንዳንድ ስም ቀይሬያለሁ፤ ለምን እንደቀየርኩ ስታነቡ ይገባችኋል።

የሄድኩት ለለቅሶ ነው። ለሰው የነገርኩት እንዲህ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። መምህር ሽብሩ እዚህ ደጀን ከእኔ ጋር ብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ነበር፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ባዮሎጂ። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ወይዘሮ ፈለቀች ቅመማ ቅመም ወደምትነግድበት ወደ ኮልፌ ገባ። ስልክም መንገድም ተቋርጦ ስለከረመ መሞቱን የሰማሁት አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ቀድሜ ብሰማስ እሄድ ነበር ወይ? እሱን እንጃ። ተጣልተን ነበርና።

የተጣላነው በአንድ እንስሳ ነው፤ እንስሳውም የሞተው አባይ በረሃ ባሕር በነበረበት ዘመን ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎች ይዘን ወደ በረሃው ስንወርድ ሽብሩ ከመንገድ ዳር አንድ የኖራ ድንጋይ አንስቶ በመዶሻ መታው። ድንጋዩ እንደ ደብተር ለሁለት ተከፈተ። ውስጡ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚበልጥ ፍጥረት ተኝቷል። ሰውነቱ እንደ ባቄላ እሸት በሁለት ቅርፊት መሃል ተዘግቷል። ከፊት ለአካሉ የማይመጥን ትልቅ ዓይን ወጥቷል። ከሥር ሦስት ረጃጅም፣ ታጥፈው የሚይዙ ክንዶች አሉት፤ ከኋላ ደግሞ በተርታ የተደረደሩ ጥቃቅን የመዋኛ እግሮች። አንቴና ፈልገን አጣን።

ከመጻሕፍት እንዳገኘነው የዚህ ወገን ፍጥረት ታይላኮሴፋላ ይባላል፤ ባለ ኪስ ራስ እንደ ማለት ነው። እግሩ በአንጓ የተከፋፈለ ስለሆነ ከነጊንጥ፣ ከነንብ፣ ከነሸርጣን ጎራ መሆኑ አያከራክርም። ከዚያ ወዲያ ግን ዘመዱ አይታወቅም። የሸርጣን ወገን ነው የሚሉ አሉ፣ እንጃ የሚሉ አሉ፤ ዓይኑን እንኳ ዓይን አይደለም ያሉ ነበሩ። ዘሩ ከምድር ጠፍቷልና ቀርቦ «የእኔ ነው» የሚል የለም። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከፋኝ ነበር፤ ሽብሩ ደግሞ ይስቅብኝ ነበር።

ድንጋዩን ተካፈልን። ዓይኑና ክንዶቹ በእኔ ግማሽ፣ የኋላ እግሮቹ በሱ ግማሽ ላይ ቀሩ። ከመካፈላችን በፊት እኔ የኋላ እግሮቹን ቆጥሬ አስራ አምስት ብያለሁ። ሽብሩ አስራ ስድስት አለ። የእግሩ ብዛት ከየትኛው ዓይነት ጋር እንደሚጠጋ ይጠቁማልና ነገሩ ቀላል አልነበረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «አንድ እግር ከኪስህ ጨመርክበት፤ ውሸታም ነህ» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኛ ደጀኖች አፋፍ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሽብሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ፣ ከዚያም በኋላ ከሰላምታ በስተቀር አላናገረኝም።

እንግዲህ የሄድኩት ለለቅሶና ለመቁጠር ነው። አስራ ስድስት ከሆነ ሚስቱ ፊት ይቅርታ ልጠይቅ። አስራ አምስት ከሆነ ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም።

ሐሙስ

ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ ተነሳን። መንገዱ ሰላም ሆኗል ከተባለ አራተኛ ቀኑ ስለነበር ከተሳፋሪው ብዙው ለቅሶ የዘገየበት ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት «እርስዎስ ማን ሞተብዎ?» አለችኝ፣ ሌላ መሄጃ ምክንያት የሌለ ይመስል። ጓደኛዬ አልኳት። «ነፍስ ይማር» ብላ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ።

በረሃውን የወረድነው በጉም ነው። ድንጋዩን ያገኘንበትን ኩርባ ላየው አስቤ ነበር፤ ከመስታወቱ ውጪ ነጭ ብቻ ሆነ። ማዶ ወጥተን ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ ግማሼን የጠቀለልኩበትን ፎጣ ፈትቶ ድንጋዩን አገላበጠው። «አባቴ፣ ምንድነው?» አለኝ። ድንጋይ ነው አልኩ። «አዲስ አበባ ድንጋይ የለም?» ብሎ መለሰልኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

አውቶብስ ተራ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ከዚያ የኮልፌ ታክሲ ያዝኩ። ደጀን ባጃጅ ላይ መውረድ ስትፈልግ የነጂውን ትከሻ መታ ታደርጋለህ፤ እዚህ «ወራጅ አለ» ብለህ መጮህ አለብህ። እኔ አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩ ሰው እዚያ ድምፄ ጠፋ። ፌርማታዬን አልፌ ወርጄ በዝናብ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አጠና ተራ ስደርስ የረጠበ ባሕር ዛፍ ሽታ ተቀበለኝ፤ አጠናው በየደጁ እንደቆመ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ደጀን ላይ ከቤትህ ወጥተህ ቀና ስትል ገደሉ ማዶ ያለውን አገር ታያለህ። ኮልፌ ላይ ቀና ስትል የጎረቤት ቆርቆሮ ነው የምታየው። እግሬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንድ ጫማዬ ቀረ፤ አንዲት ጎመን ሻጭ በጎመን አገዳ አውጥታ ሰጠችኝ።

የሽብሩ ቤት ከአንድ ብረት በያጅ ጀርባ ነው። ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አስቤበት ነበር፤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝ። ወይዘሮ ፈለቀች ጥቁር ለብሳ በርበሬ ትለቅማለች። አይታኝ ተነሳች።

«መምህር አየለ» አለች። «እርስዎ ነዎት?»

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኩና እንባዬ መጣ። ያለማስመሰል ነው የመጣው፤ ራሴም ገረመኝ። እሷ አላለቀሰችም። ጨርሳ ይሆናል።

የሚያንጠባጥበውን ኮቴን አስወልቃኝ ከጓዳ አንድ ካፖርት አምጥታ አለበሰችኝ። ደረቴ ላይ ሲጠብ ነው የማን እንደሆነ የገባኝ፤ ሽብሩ ቀጭን ነበር። ላወልቀው እጄን ሰደድኩ። «ይተዉት፣ ይሙቅዎት» አለችኝ። አልጋ ቤርጎ ልይዝ ነው ስላት ደግሞ ተቆጣች፤ «የሽብሩ ቤት እያለ ቤርጎ? ሰው ምን ይለኛል?» ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ቀረበ። ጤፍ የለመደ ሆዴ ቆጮን ዱሮ ሽብሩ ከዘመድ ሲያመጣ ነበር የሚያውቀው፣ እሱንም በሐሜት ነበር የምበላው። ያን ቀን ደግሜ በላሁ።

ስንበላ ጎረቤቷ እማማ ድንቄ ገቡ። ከደጀን መምጣቴን ሲሰሙ «የድንጋዩ አገር ሰው!» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቅልጥማቸው ላይ ያለ ጠባሳ አሳዩኝ። ሽብሩ ከአባይ ሲያመጣ የኖረው ድንጋይ ሁሉ በረንዳ ሥር ተደርድሮ ነበር። የቀብሩ ቀን የዕድር ሴቶች ለሐዘንተኛ ንፍሮና ወጥ ሊሠሩ ሲሉ ጉልቻ አነሳቸው፤ ከበረንዳው ሥር እያነሱ ጎለቱ። ኮልፌ ድንጋይ ማለት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ እሳት ይችላል። የኖራ ድንጋይ እሳት እንደማይወድ ማን ይንገራቸው? የሚያውቀው ሰው ሳጥን ውስጥ ነው። እሳቱ ሲነድ ድንጋዩ መፈንዳት ጀመረ።

«ወጡ ተደፋ፣ ሴቱ ተበተነ» አሉ እማማ ድንቄ። «እኛማ ሟቹ ተቆጥቶ ነው ብለን እንደ አዲስ አለቀስን።»

ያ ሁሉ ቀንድ አውጣ፣ ያ ሁሉ ዛጎል፣ ሽብሩ እያንዳንዱን በስሙ የሚያውቀው፣ ለራሱ ቀብር ማገዶ ሥር ገብቶ አለቀ። ወይዘሮ ፈለቀች ፊቴን አይታ እጇን አነሳች።

«እሷ ግን አለች» አለችኝ። «ያቺ እናንተ የተጣላችሁባት። እሷን በነጠላ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ነበር የሚያስቀምጣት። ማርታ ወስዳታለች፣ እኔ ጋ እንዳትጠፋ። የቀረው ቢቃጠል ቢቃጠል፣ እሷ ከተረፈች ይበቃኛል። ነገ ሄደው ይዩዋት።»

ማርታ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ የልቤን አውቃ መናገሯ አሳፈረኝ። ለለቅሶ ነው የመጣሁት ብል ራሴም አላምንም ነበር፤ ስለዚህ «እሺ» አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሽብሩ ይቀመጥበት በነበረው ሶፋ ላይ ተኛሁ።

አርብ

ጠዋት ውሃ የለም። ባኞ ቤት አንድ በርሜል ሙሉ ተቀድቶ ተቀምጧል፣ የኮልፌ ሰው ውሃ ሲመጣ ያጠራቅማል። እኔ ሳላውቅ የመጠጡን ጄሪካን ለፊቴ ጨረስኩት። ወይዘሮ ፈለቀች ባዶውን ጄሪካን አይታ ምንም ሳትል ከጎረቤት ሞልታ መጣች። ደጀን ቢሆን ሚስቴ እስከ ማታ ታወሳው ነበር።

ማርታ ያለችበት ዓለም ባንክ ሰፈር ለመድረስ ሁለት ታክሲ ያዝኩ። ዘነበወርቅ ላይ ትንሽ ቆምን፤ ወደ ሆስፒታሉ የሚወርዱ ሰዎች ፌስታላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ሽብሩ ታሞ እንደሆነ፣ ምን እንዳመመው፣ ለማንስ እንደነገረ አላውቅም። ከእኔ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነበር።

ማርታ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፣ አስተማሪ፣ እንደ አባቷ ቀጭን። ደጀን ለዕረፍት ስትመጣ ሕፃን ሳለች አውቃታለሁ። «ጋሽ አየለ» ብላ አቀፈችኝና ሳትጠይቀኝ እንቁላል ጠበሰች። እሷ ጴንጤ ናት፤ አርብ መሆኑ ከአሳቧ ጠፍቷል። እጄ ሳይነሳ ሲቀር ትዝ አላትና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽዬ፣ እኔ ምን ነካኝ?» አለች። ዳቦው ይበቃኛል አልኳት። ስለ እንቁላል እንዲያ ማልቀስ በዛብኝ።

ፎጣዬን ፈትቼ ግማሼን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «የአባትሽን አምጪና እንግጠመው» አልኩ።

ማርታ ተነስታ ከቁም ሳጥን ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ፍርፋሪ ድምፅ ሰጠ። ውስጡን አየሁ። ነጭ ስብርባሪና ዱቄት ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ብረት ድስቱ ተንጋዶ ነበር። ሴቶቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጪ ብለው ጮሁብኝ። ሁለት ቀን አልተኛሁም ጋሽዬ። ቤት ገባሁ፣ ጠፍጣፋ እሱን አየሁ፣ ከነጠላው ፈትቼ ሰጠኋቸው። ምን እንደሆነ እያወቅሁ ነው የሰጠሁት፣ ግን አላሰብኩም። ሲፈነዳ ነው ያሰብኩት።»

«እናትሽስ?»

«አታውቅም። ስትጠይቀኝ እኔ ጋ አለ አልኳት። በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እባክዎ አይንገሩብኝ፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ አሁን ግን አልችልም። እሷም አትችለውም።»

አንጀቴን በላችው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ የማውቀው አንድ ሥራ ነው፤ መነጽሬን አድርጌ ስብርባሪውን በጋዜጣ ላይ ዘርግቼ መልቀም ጀመርኩ። ማርታም አብራኝ ለቀመች። የበለጠው ሲነኩት ይፈርሳል፤ እሳት የበላው ኖራ ነው። ጣታችን ነጭ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ላይ ጥፍር የምታህል አንዲት ቁራጭ አገኘሁ፤ በተርታ የቆሙ የእግሮች መነሻ ይታያል። ቆጠርኩ። አራት ናቸው። ከአራተኛው ቀጥሎ ስብራት ነው። አምስተኛው ይኑር፣ አስራ ስድስተኛው ይኑር አይኑር ከእንግዲህ ማንም አይነግረኝም።

«ስንት ነው?» አለች ማርታ።

«አራት።»

«አባዬ አስራ ስድስት ነው ይል ነበር» አለችና እንደገና አለቀሰች። ላጽናናት ፈልጌ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት አፌ ላይ መጣ፤ ደግነቱ ዋጥኩት። ቁራጯን በወረቀት ጠቅልዬላት ወደ ፌስታሉ መለስኩ። ለእናቷ ምንም ላልናገር ቃል ሰጠኋት። ስወርድ እስከ ታክሲው በጃንጥላ ሸኘችኝ፤ ራሷ ግን ረጠበች።

ኮልፌ ስመለስ ሽሮ ተሠርቶ ጠበቀኝ። ወይዘሮ ፈለቀች «አገኙት?» አለችኝ። አየሁት አልኳት። ይህ ውሸት አልነበረም። ሌላ ሳትጠይቅ እማማ ድንቄ ገቡና ስለ ዕድራቸው ሰብሳቢ ማማት ጀመሩ፤ እኔም ደክሞኛል ብዬ ጥግ ያዝኩ። የመቁጠሩ ነገር ካለቀ በኋላ የቀረኝ ይቅርታው ነበር። ያለ ድንጋይ ይቅርታ መጠየቅ እንደሚቻል እስከዚያን ቀን አስቤው አላውቅም።

ቅዳሜ

ዝናቡ አባርቷል፣ ሰማዩ ግን አልተከፈተም። መኪናዬ በማለዳ ስለሚነሳ ወይዘሮ ፈለቀች ቀድማኝ ተነስታ ቂንጬ ሠርታለች። ኮቴን በከሰል ምድጃ ዳር አድርቃው፣ ጫማዬን ጠርጋው አገኘሁ። የሽብሩን ካፖርት አጣጥፌ ሰጠኋት። ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ስበላ ታየኛለች።

«ወይዘሮ ፈለቀች» አልኩ፣ «ሽብሩን በሰው ፊት ውሸታም ብየዋለሁ።»

«ነግሮኛል።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

በያጁ ሥራ ጀምሮ ብረት ይቀጠቅጣል። ከዚያ እኔ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«ቆጠሩት?»

ማርታ ፌስታሉን አቅፋ ታየችኝ። እውነቱን ብናገር ልጅቷን ገደልኳት፤ እናቲቱንም። ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ፣ እሱንም ልናዘዝ። ሽብሩ አንድ ቃል ይገባዋል አልኩ፤ በሕይወቱ የነፈግኩትን ቢሞትም ልስጠው። ጥሩ ሥራ የምሠራ መስሎኝ ነበር።

«ቆጠርኩት» አልኳት። «አስራ ስድስት ነው። እሱ ልክ ነበር።»

ወይዘሮ ፈለቀች የካፖርቱን ቁልፍ በጣቷ አዞረችው።

«አስራ ስድስት» አለች።

«አስራ ስድስት።»

«ይገርማል» አለች ቀስ ብላ። «አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ድንጋዩን አቀብዪኝ አለኝና በማጉያ መነጽር ሲያየው ዋለ። ማታ ጠርቶኝ ‹ፈለቀች፣ አስራ አምስት ነው። አንዷን ስንጥቅ ነው እግር ብዬ የቆጠርኳት። አየለ ሲመጣ ንገሪልኝ፤ አስራ አምስት ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› አለኝ። ደውልለት አልኩት። ስልክ አይሠራም። ይመጣል፣ ለዚች ድንጋይ ሲል ይመጣል አለኝ። እኔም ይኸው እስኪመጡ ጠብቄ ልነግርዎ ነበር።»

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ለእውነቱ ስትል ማርታን አውጣ የሚል ድምፅ መጣብኝ፤ ዝም በል የሚልም መጣብኝ። ሁለተኛውን ሰምቼ ቂንጬዬን ጨረስኩ።

እሷ ተነስታ ካፖርቱን መስቀያው ላይ መለሰች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተሳስታችኋል» አለች። «ድንጋይ ነው፣ እኔ አላውቅበትም። ሽብሩ ግን ውሸታም አልነበረም።»

«አዎ» አልኩና ሻንጣዬን አነሳሁ። «እሱ አልነበረም።»